በልጅግና አፍንጫዬ

አፍንጫዬ ላይ ያለችው ጠባሳ ለሚያያት ሁሉ የልጅነት ትመስላለች። ከሾላ ላይ ወድቆ፣ ወይም ከብት ሲያግድ በድንጋይ ተፈንክቶ ይሆናል ብሎ ያልፋል። እኔም አላርምም። ጠባሳዋ ግን የ1986 ዓ.ም. ናት፤ ያኔ የ24 ዓመት ጎረምሳ፣ በዚያ ላይ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የመታኝም ጠላት አይደለም። የገዛ ቀኝ እጄ አውራ ጣት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ በቆሎ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የሚያርሰው ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ አዋሽን መልካሳ ላይ ተሻግሮ፣ ከዴራ አለፍ ብሎ ነበር። እዚያ አገር ዝናብ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ገና ሳይቀመጥ ልሂድ ይላል። ስለዚህ አጎቴ ካቱማኒ የሚባለውን ቶሎ የሚደርስ በቆሎ ይዘራል። ለእሱ ቶሎ የደረሰ በቆሎ ለከርከሮም ቶሎ ይደርስለታል። ከርከሮ ደግሞ እንደ ዝንጀሮ ሁለት እሸት ሸልቅቆ የሚሄድ ፍጡር አይደለም። አገዳውን ይጥላል፣ ይረግጣል፣ ያኝካል፣ የተረፈው ላይ ይንከባለላል። በእሸት ሰሞን አጎቴ ከማማ የሚወርደው ለምሳ ብቻ ነበር።

ማማው ላይ አብሮት የሚያድረው በልጅግ ነው። በልጅግ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጂግ አገር ሥራ ነው፤ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ ያለው ኤፍ ኤን የተባለው ፋብሪካ በማውዘር ሥሪት ካወጣቸው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከገዛቸው አጫጭር ጠመንጃዎች አንዱ። አያቴ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ይዞት ዋለ፤ ይዞትም ተመለሰ። ያ ትውልድ የባዕድ ስም አያስጨንቀውም ነበር። ባዚል ግራ የተባለው ፈረንሳዊ መኮንን በ1874 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ጠመንጃ በአገሩ ቋንቋ ፉዚ ግራ ነው፤ የእኛ ሰዎች ሁለቱን ቃል ባንድ ጎርሰው ውጅግራ አሉት። ማንሊኸርን ምንሽር አደረጉት። ስሙን እንዲህ በአፋችን ልክ እየሰፋን፣ እንጨቱን በትከሻችን ልክ መስፋት ለምን እንዳልታየን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጠመንጃው ለማን ትከሻ እንደተቆረጠ ማንም አልጠየቀም። ከአባት ወደ ልጅ እንደ ካፖርት ይወርዳል፤ እጅጌው ቢረዝም ይጠቀለላል። የጠመንጃ እጅጌ ግን አይጠቀለልም።

አጎቴ አንድ ቅዳሜ በልጅጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ “ይሄ ነገር ከብዶኛል” አለኝ። ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ማታ ማታ ማማ ላይ ይዞት ሲወጣ ትከሻው ይቆረጥማል። “ናዝሬት አናጢ አይጠፋም። አንተም የተማርክ ነህ። ቀለል አድርገህ አምጣልኝ።”

የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። በዚያው ሳምንት ለአስራ አንደኛ ክፍል የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ አስተምሬ ነበር፤ ምሳሌዬም ጠመንጃ ነበር። ጥይቱ ወደ ፊት የሚገፋበትን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጠመንጃው ሲቀልል አመጣጡ ይፈጥናል ብዬ በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ በቀስት ስዬ አሳይቻለሁ። አጎቴ ፊት ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። “ይቻላል ጋሼ፣ ቀላል ነው” አልኩት።

ጠመንጃ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ስለማይሆን ብረቱን ጓዳ ትተን እንጨቱን ብቻ ፈታነው። ዋናው መያዣው ሁለት ብሎን ነው። (ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት ዘመን ማንም እንዲህ ያለ ብልሃት እንዲሞክር አልመክርም።) እንጨቱን በማዳበሪያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጭኔ መሐል አቆምኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ዳሰሱት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ እግሩ የማን ነው?” አሉኝ። የጦርነቱ ጊዜ ገና አልራቀም፤ የእንጨት እግር የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ደንግጬ “እግር አይደለም እማማ፣ ክራር ነው” አልኳቸው። ረዳቱ ሰምቶ ኖሮ፣ “እንግዲያ እስከ መልካሳ ቃኘት አድርግልን!” አለ። ክሩ ተበጥሷል ብዬ አመለጥኩ።

አናጢው አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ ነው። ሱቁ ከተማው ውስጥ ነፋስ የሚበዛበት መንገድ ላይ ነበር፤ እርግጥ በአዳማ ነፋስ የማይበዛበት መንገድ የለም። ዛሬ ከከተማዋ ወጣ ብለው የቆሙትን ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያይ እንግዳ ለምን እዚህ እንደተተከሉ አይጠይቅም፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ከዚሁ የአናጢዎችን በር ሲያላትም ከኖረ ነፋስ ይሰበስባሉ። ያን ቀንም በሩ አንድ ዓረፍተ ነገር በጀመርን ቁጥር ጓ! እያለ ያቋርጠን ነበር።

“ሰደፉ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሯል” አለ አናጢው እንጨቱን እያገላበጠ። መላጊያውን አነሳ። ጉንጭ የሚያርፍበትን ጀርባ ላገው፣ ጎንና ጎኑን ላገው፣ ሆዱን በመሮ ቦረቦረው። ከዚያ ርቆ ቆሞ በአንድ ዓይኑ አየና፣ “ጭራው ረዝሟል” ብሎ ከመጨረሻው ሦስት ጣት ያህል በመጋዝ ቆረጠ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አዎ፣ አዎ እል ነበር። ለውበቱ ተስማምተናል። የሰደፉ ብረት በቀጠነው እንጨት ላይ ስላልገጠመ ከላሜራ ትንሽ ቆርጦ በአራት ሚስማር ቸነከረለት። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ የሚያምር፣ እንደ ሙሽራ የቀጠነ ነገር ሆኖ ነበር።

አጎቴ አንስቶ ሲያየው ፊቱ በራ። “ቄጠማ ነው ያደረግኸው!” አለ። ምርቃቱን አወረደልኝ፤ ውለታውንም ለመክፈል፣ “በል እንግዲህ መጀመሪያ የምትተኩስበት አንተ ነህ” አለኝ። ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም ማለት ለወንድ ልጅ ከባድ ነው፤ ለተማረ ወንድ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው።

ማማው ላይ አደርን። ብርዱ፣ ቢምቢው፣ የጅቡ ጩኸት አለ፤ እሱን ልለፈው። ሊነጋጋ ሲል፣ ምሥራቁ ገና ገርጠት እንዳለ፣ የበቆሎው ጫፍ ከታች በኩል ይነቃነቅ ጀመር። አጎቴ በክርኑ ጎሰመኝ። ከርከሮው ብቅ አለ፤ ጭራውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጎ፣ የገዛ እርሻው ላይ እንደሚሄድ ሰው ተዝናንቶ። ብድግ አልኩ። ጠመንጃው ይመታል ሲባል ስለሰማሁ ሰደፉን ከትከሻዬ ሁለት ጣት ያህል አራቅኩት፤ ሳይነካኝ ያልፋል ብዬ ነው። ፊቴን አዙሬ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ሰውነቴን ወደ ኋላ ለጥጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላውቀውም። ብርሃን ነበር፣ ድምፅ ነበር፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ማማ ደግሞ ለአንድ እርምጃ የሚሆን ትርፍ ወለል የለውም። የወደቅኩት አጎቴ በግራር እሾህ ያጠረው አጥር ላይ ነው። ከላይ ድምፁ መጣ፦

“መታኸው?”

“መታኝ ጋሼ” አልኩ ከእሾሁ ውስጥ።

ከርከሮው እንዳልሞተ መናገር አያስፈልግም። ጥይቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ግን አፍንጫዬ ተሰንጥቆ፣ የላይ ከንፈሬ አብጦ፣ ትከሻዬ ላይ የሻይ ሳህን የሚያህል ሐምራዊ ክብ ወጥቶብኝ፣ ጀርባዬ በእሾህ ተወቅሮ ነበር። አክስቴ እሾሁን በመርፌ እያወጡ፣ “ኧረ ይሄንስ ከርከሮው ራሱ አላደረገውም ነበር” አሉ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ከጋሪ ወድቄ ነው አልኩ። ያኔ በናዝሬት ባጃጅ የለም፤ ጋሪ ነው፤ ከጋሪ መውደቅም የተከበረ አደጋ ነበር። ውሸቴ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆየም። ከዴራ በኩል የሚመላለስ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ተኩሱን አገሩ ሁሉ ሰምቷል፣ አወዳደቄንም አገሩ ሁሉ አውርቷል። እሱው ከኋላ ወንበር ተነስቶ በትሕትና፣ “ቲቸር፣ ጠመንጃው ስንት ኪሎ ነበር?” አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም የፊዚክስ መምህርነቴን ለማዳን ጠመኔውን በግራ እጄ ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ያን ቀን ያስተማርኩትን ያህል በሕይወቴ አላስተማርኩም።

በልጅግ ሲተኮስ ከ10 እስከ 13 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ እየበረረ ይወጣል። ከኋላው 3 ግራም ያህል ባሩድ ጋዝ ሆኖ፣ ከእርሳሱም በባሰ ፍጥነት ይከተለዋል። ሰው እርሳሱን ብቻ ይቆጥራል፤ ከግፊቱ ሲሶ ያህሉን የሚያመጣው ግን ይህ የማይታይ ጭስ ነው። የሁለቱ ሞመንተም ተደምሮ፣ ለስሌት እንዲመች 12 እንበለው። ጠመንጃው 4 ኪሎ ከሆነ 12 ለ4 ሲካፈል በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ተኳሹ ይመጣል። 3 ኪሎ ከሆነ 4 ሜትር። ጉልበቱ የሚሰላው ግን የፍጥነቱን ካሬ ይዞ ስለሆነ፣ ከባዱ 18 ጁል፣ ቀላሉ 24 ጁል ያደርሳል። ጁል ለማንም ምንም ስለማይል በወንጂ ስኳር ተረጎምኩላቸው፦ ሁለት ኪሎ ስኳር ከ92 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ከባዱ በልጅግ ነው። ከ1 ሜትር ከ22 ሲወድቅ ቀላሉ።

“ክላሽስ?” አለ አንዱ። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም አይሞላም፤ የሞላ ካዝና የያዘው ክላሽ ደግሞ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ ስኳሩ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ነው የሚወድቀው። “ውጅግራስ?” አለች ሌላዋ፤ አያቷ ውጅግራ ነበረው መሰለኝ። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ነው፤ የሦስት ክላሽ ጥይት እርሳስ በአንድ ጊዜ እንደ መትፋት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ብቻ ቢሆንም ርግጫው ከክላሽ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። አንድ ቀልደኛ ሴባስቶፖልን አነሳ። 70 ኩንታል ገደማ ለሚመዝን መድፍ ትከሻ የሚያውስ ሰው አይፈለግም አልኩት። ከዚያ ለማጠቃለል ባዶ ጋሪና ኩንታል የጫነ ጋሪ በእኩል ጉልበት ሲገፉ የትኛው ይፈናጠራል ብዬ ልጠይቃቸው ስል፣ የዴራው ልጅ እንደገና እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ ገብቶኛል። ግን ጠመንጃው የሚገፋው ትከሻን አይደል? አፍንጫ እዚህ ውስጥ ምን ቤት ነው?”

መልስ አልነበረኝም። ደግሞም ሂሳቡን ቤቴ ሄጄ በእውነተኛው ቁጥር ስሠራው ነገሩ የባሰ ሆነ። አናጢው ከጠመንጃው የቀነሰው ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ያ ደግሞ ከ18 ጁል ወደ 20 ተኩል ቢያደርሰው ነው። በሁለት ጁል ተኩል አፍንጫ አይሰነጠቅም። የክብደቱ መቀነስ ትንሽ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ የደበደበኝ ግን ሌላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ስሜ “ቲቸር በልጅግ” ሆነ። አሁንም፣ ጡረታ ልወጣ እየተቃረብኩ፣ አንዳንድ የባጃጅ ሾፌር ፖስታ ቤት አካባቢ በዚሁ ስም ይጠራኛል።

የዴራውን ልጅ ጥያቄ የመለሱልኝ የአጎቴ ጎረቤት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ፣ ቁመታቸው እንደ ቀርከሃ የተሳበ ሽማግሌ ነበሩ። አፍንጫዬን አይተው ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ “ያ ኢልማ ኮ” (ልጄ ሆይ) ብለው አዘኑልኝ፤ ከዚያ እንደገና ሳቁ። ቀጥለው ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተው አስያዙኝ።

መጀመሪያ ሰደፉን ክርኔ እጥፋት ውስጥ አስገቡና ጣቴን ወደ ቃታው ዘረጉት። ጣቴ ቃታውን አልፎ ሄደ። “ይህ ለልጅ ነው” አሉ። ትከሻዬ ላይ ሲያስደግፉት አውራ ጣቴ ከአፍንጫዬ ጫፍ ጋር ተሳሳመ። መሐላቸው ሁለት ሦስት ጣት መኖር ነበረበት፤ አናጢው በመጋዝ የቆረጠው እሱን ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመጣ እጄን ይዞ መጣ፤ እጄ አፍንጫዬን አገኘ። ጉንጬ የሚያርፍበት ጀርባም ተልጓል፤ ስለዚህ ጭንቅላቴ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀ፤ አፈሙዙ ሽቅብ ሲነሳ እንጨቱ ከንፈሬን ፈልጎ ወጣ። ሰደፉ ጠቧል፣ ዙሪያው ላሜራ ነው፤ ያውም የነካኝ በአንድ ማዕዘኑ። ሰው በበረባሶ ቢረግጥህና ባለ ቀጭን ተረከዝ ጫማ ያደረገች ብትረግጥህ አንድ አይደለም።

“ደግሞ ለምን አራቅኸው?” አሉኝ።

“እንዳይመታኝ ብዬ።”

“በቅሎ ታውቃለህ? በቅሎ ራቅ ብለህ ስትቆም ነው እግሯ ተዘርግቶ የሚያገኝህ። ጎኗ ላይ ልጥፍ ካልክ የምትራገጥበት ቦታ ታጣለች። መግፋት ትገፋሃለች፤ አትመታህም።”

እኔ በሰሌዳ ላይ ያልታየኝን እሳቸው በበቅሎ አሳዩኝ። ትከሻ ላይ የተጣበቀ ጠመንጃ የሰውየውን ሥጋ ከራሱ ክብደት ጋር ያስቆጥራል፤ 4 ኪሎ የነበረው ነገር ከባድ ይሆናል። ሁለት ጣት ርቆ የተያዘ ግን ብቻውን 3 ተኩል ኪሎ መዶሻ ነው። ርግጫው ዕዳ ነው፤ ባሩዱ ሲቃጠል ተፈርሟል፣ ማንም አይሰርዘውም። ልኩ የሚወስነው ዕዳው በየት በኩል እንደሚከፈል፣ ባንዴ ይሁን በየጥቂቱ ነው። እኔ ባንዴ፣ በአፍንጫዬ ከፈልኩ።

ሃምሳ አለቃ ስለ ኮሪያ ጠመንጃቸው፣ ስለ ኤም ዋን፣ አወሩኝ። ኤም ዋን ብቻዋን 4 ኪሎ ከ300 ያህል ትመዝናለች፤ 8 ጥይት ትጎርሳለች፤ የመጨረሻዋን ስትተፋ ያቀፈችበትን ብረት ችንግ አድርጋ ትወረውረዋለች። “ተራራ ስንወጣ እንረግማታለን፣ ስንተኩስ እንመርቃታለን” አሉ። ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ወፍራም ካፖርት ለበሱ፤ ያኔ ሰደፉ በድንገት የረዘመ መሰላቸው፤ ከብብት እየተጠለፈ አልገባ አለ። ይህችን የካፖርት ነገር ልብ ብዬ ብይዛት ኖሮ በኋላ የመጣው አይመጣም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አደረጉብኝ። ጆሮዬን በጥጥ ወትፈው (ድምፁ ራሱ ግማሹን ያህል ይመታል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው) “አሁን አንድ እንተኩስ፣ አይዞህ” ብለው አንድ ጥይት አጎረሱልኝ። አለምኩ። ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ። አልጮኸም። የተተኮሰ ቀለህ ነበር ያስገቡት። አፈሙዙ ግን በዚያች ሰከንድ መሬት ሊስም ጎንበስ ብሏል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነክሻለሁ። አጎቴ እየሳቀ ተደፋ። አንድ ጊዜ የተመታ ሰው ጠመንጃው ሳይመታው ራሱን ይመታል ማለት ነው።

እንጨቱን እንደገና በማዳበሪያ ጠቅልዬ ናዝሬት ወረድኩ። ወደዚያ አናጢ ግን አልተመለስኩም፤ አፍሬ ነው። ከአውራ ጎዳናው ዳር ወዳለ ጎሚስታ ሄድኩ። ከወደብ የሚመጣው የከባድ መኪና ጎማ ሁሉ እዚያ ይፈነዳል፤ ጎሚስታውም ላስቲክ የተባለ ነገር ምን እንደሚችል ያውቃል። የወይራ ቁራጭ ጨምሬ ሰደፉን አስረዘምኩ፤ በላዩ ካላማዳሪ እየደራረበ በማጣበቂያ ለጠፈልኝ፤ አራት ድርብ። የተቦረቦረውን ሆዱን ደግሞ ጎማ የሚመጣጠንበትን እርሳስ አቅልጦ ሞላልኝ። ካላማዳሪው ግፊቱን አይቀንሰውም፤ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጥፊውን ወደ ግፊያ ይለውጠዋል። እርሳሱ ደግሞ አናጢው የሰረቀንን ኪሎ ከነወለዱ መለሰ።

በኋላ እንዳነበብኩት የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ደንበኛቸውን እንደ ልብስ ሰፊ ነው የሚለኩት። የሚረዝም፣ የሚያጥር፣ ጉንጩ ከፍ ዝቅ የሚል መለኪያ ጠመንጃ አላቸው፤ ሰውየው እሱን ደግኖ ቆሞ ይለካል፣ ከዚያ እንጨቱ ይቆረጣል። እኔ ከጎሚስታው ዘንድ የተደረገልኝ ያው ነው ብዬ በኩራት ተመለስኩ። ሃምሳ አለቃ ለኩኝ፤ ክርኔ፣ ጣቴ፣ ጉንጬ፣ ሁሉም ልክ ልኩ። ወደ ፊት ዘንበል ብዬ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አንድ የዘይት ጣሳ ላይ ተኮስኩ። ገፋኝ። ገፋኝ ብቻ። ጣሳው አልተመታም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መልኩ ግን ጠፍቶ ነበር። አጎቴ አንስቶ አየውና፣ “ጠመንጃ ነው ወይስ ሞፈር?” አለ። ከበፊቱም ከብዷል። ሆኖም ለእህቱ ልጅ አፍንጫ ሲል ዝም አለ።

ዝም ያለው እስከ ጥር 1987 ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጁን ዳረ። የሙሽራው ሚዜዎች ሲገቡ አባት አንድ ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ መልቀቅ አለበት፤ እንደዚያ ነው ደንቡ። አጎቴ አጭር ሰው ነው፤ ቁመቱ ከደረቴ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ቀን ደግሞ ኮት ለብሶ፣ በኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነበር። በልጅጉን አነሳ። ሰደፉ ጋቢው ላይ ተጠለፈ፤ ወደ ትከሻው ጉድጓድ አልገባም አለ፤ እሱም በእልልታው መሐል ለመፈተሽ ጊዜ ስላልነበረው ክንዱ ጡንቻ ላይ እንዳረፈ ተኮሰው። ሃምሳ አለቃ ከዳሱ ወዲያ ሆነው “አይ!” ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዘግይቷል።

የአጎቴ ክንድ ለሁለት ሳምንት ሰማያዊ ሆኖ ከረመ። መልስ ላይ በግራ እጁ ነው የጎረሰው። ያኔ ነው ሁላችንም የገባን፤ የለካነው የተሳሳተውን ሰው ነበር። አናጢው ሦስት ጣት የቆረጠለት ጠመንጃ ለእኔ መቅሠፍት ቢሆንም ለአጎቴ አጭር ክንድ ምናልባት ልኩ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ተኩሼ አፍንጫዬን ባልሰጥ ኖሮ ያን ከርከሮ በሰላም ያባርር ነበር። አሁን ደግሞ ለእኔ ልክ የሆነ፣ እኔ ግን ዳግም ልነካው የማልፈልግ፣ ባለቤቱ የማይችለው ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

“ስማ” አለኝ አጎቴ ክንዱን በቅቤ እያሸ። “አንተም ተው፣ ሃምሳ አለቃም ይተዉ። አባቴ እንደተወው አድርገህ መልስልኝ። ከበደኝ አልልም።”

እንደ ነበረ ለመመለስ ደግሞ የተቆረጠው ያስፈልጋል። ሦስት ጣት የምታህለው የዋናው እንጨት ቁራጭ፣ የብሎን ቀዳዳ ያለባት። ስለዚህ ሐፍረቴን ዋጥ አድርጌ ወደ አናጢው ሱቅ ሄድኩ። ነፋሱ እንደ ወትሮው መንገዱን ያተራምሰዋል፣ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ይጮኻል። የእሱ በር ግን ጸጥ ብሏል፤ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሩ የተወተፈችው እሷ ናት፤ የአያቴ ሰደፍ ቁራጭ፣ ዘይት የጠጣች፣ በአንድ ጎኗ የብሎኑ ቀዳዳ ይታያል። ከበሩና ከመሬቱ መሐል እንደ ተለካላት ገብታለች።

ላወጣት እጄን ስዘረጋ አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ መጣ።

“ምን ልትሆንህ ነው?”

“የእኛ ናት እኮ፤ ልመልሳት ነው።”

ወደ በሩ አየ፣ ወደ ነፋሱ አየ፣ ወደ አፍንጫዬ አየ።

“ታዲያ በሩ በምን ይቁም?” አለኝ።